ወፍራም ውሃ ለማየት ረሆቮት ድረስ

እስራኤል ሄጄ መጣሁ ያልኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጎልጎታን ተሳልሜ እንደሆነ ነው። አልተሳለምኩም። እናቴ ለዕድርተኞቿ «ልጄ ኢየሩሳሌም ደርሳ መጣች» ብላ ለማውራት ተዘጋጅታ ነበር። እኔ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር የወረድኩት ረሆቮት ወደምትባል መካከለኛ ከተማ ነው፤ እዚያም የቆየሁት ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ሳይ ነው። ይህን ስነግራት «እዚህ ስኳር ስለጠፋ ነው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ፈሳሽ ነገር ረግቶ ሲያዩት የተኛ ይመስላል እንጂ ሞለኪውሎቹ ያለማቋረጥ ይርገበገባሉ፣ ይዞራሉ። ውሃ ስኳር ሲበዛበት ይወፍራል፤ ማንኪያ ይይዛል። ታዲያ ውስጡ ያሉት የውሃ ሞለኪውሎችም ያንኑ ያህል ይዘገያሉ? ለዓመታት በኮምፒውተር ሳሰላ የኖርኩት ይህንን ነው። መብራት ሲጠፋ እየቆመ፣ ሲመጣ እየቀጠለ፣ ስሌቴ በመጨረሻ የሰጠኝ መልስ «ብዙም አይዘገዩም» የሚል ሆነ። የዶክትሬት ሥራዬ የቆመው በዚህች መልስ ላይ ነው። ግን ውጤቴን በትምህርት ክፍላችን ባቀረብኩ ቁጥር አንድ አንጋፋ መምህራችን እጃቸውን ያነሡና «ማን አየው?» ይላሉ። ሌላ ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም።

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላየውም። ለማየት የሚያስችል ፈጣን ሌዘር እኛ ዘንድ የለም። ረሆቮት ባለ የምርምር ተቋም የሚሠሩ ዶክተር ሩት የሚባሉ ተመራማሪ ናቸው፣ ስጽፍላቸው «ሌዘሩ ለጥቂት ቀን ክፍት ነው፤ ውሃሽን ይዘሽ ነይ» ብለው የመለሱልኝ። ውሃው እዚያው ስላለ ባዶ እጄን ሄድኩ።

ረቡዕ

ባዶ እጄን ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ ብርቱካን አክስቷ ረሆቮት ስለሚኖሩ፣ ስልካቸውን ሰጥታኝ አንድ ከረጢት ኮሰረት አሸክማኛለች። «ደውለሽ አድርሺላት፤ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም» ብላኝ ነበር። ትንቢት ኖሯል።

አውሮፕላኑ ያረፈው በማለዳ ነው። የጥበቃ ሠራተኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ትሑት፣ ፈገግታ የማይለያት።

«ለምን መጣሽ?»

«ለምርምር።»

«ምን ዓይነት ምርምር?»

«ስለ ውሃ» ብል አልፌ ነበር። የመምህር ነገር፣ የተጠየቀውን በሙሉ ካልመለሰ አይሆንለትም። «በተራ ውሃ ላይ ትንሽ ከባድ ውሃ እቀላቅልና በሌዘር…»

ፈገግታዋ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኗ ግን ተለወጠ። ከባድ ውሃ ማለት ሃይድሮጂኑ ከተለመደው የከበደ ውሃ ነው። ለእኛ ሥራ ጠብታው ይበቃል፤ መርገብገቡ ከሌላው ውሃ ተለይቶ ስለሚታይ ነው የምንፈልገው። በዜና ስሙ የሚነሣው ግን ከኑክሌር ማብላያ ጋር ነው። ይህን ያስታወስኩት ወደ ጎን ወዳለች ክፍል ከተወሰድኩ በኋላ ነው።

እዚያ አንድ ሽበታም ሰው በብርጭቆ ውሃ አቀረቡልኝ፤ ቀላሉን ማለቴ ነው።

«ምን ያህል ከባድ ውሃ ያስፈልግሻል?» አሉኝ።

«ግማሽ የሻይ ማንኪያ።»

«ለሀገር ወይስ ለራስሽ?»

እየቀለዱ መሆናቸውን ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ዶክተር ሩት ዘንድ ደወሉ፤ የዶክተሯ ሳቅ ከስልኩ አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። ሽበታሙ ሰው የኮሰረቱን ከረጢት ከፍተው አሸተቱ። «ይህስ?» «ቅቤ ሲነጠር የሚገባ ቅጠል ነው።» እንደገና አሸተቱና «ይህኛው አደገኛ ነው፤ ያስርባል» ብለው መለሱልኝ።

በባቡር ሄድኩ። ባቡሩ ውስጥ ማንም መድረሻውን ጮሆ አይጠራም፤ የእኛ ሚኒባስ ረዳቶች ቢያዩ ያዝናሉ። የሚናገረው ድምፅ ማጉያ ነው፤ እኔም በየጣቢያው አንገቴን እያሰገግኩ ስሙን ሳነብ ደረስኩ። የእንግዳ ማረፊያው ተቀባይ መዝገቡን አየችና አንገቷን ነቀነቀች። አልጋዬ የተያዘው ለሚቀጥለው ወር ነው። ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ስገለብጥ ወር አሳልፌ ጽፌያለሁ፤ ለዛሬ ደግሞ ሁሉም ተይዟል።

ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ የብርቱካን አክስት ዘንድ ደወልኩ።

«ሃሎ፣ እትዬ አድና ነዎት? የብርቱካን ጓደኛ ነኝ፤ ጽጌ እባላለሁ።»

«የወንድሜ ልጅ ብርቱካን? አንቺ አሁን የት ነሽ?»

የሆነውን ነገርኳቸው።

«ምን አልጋ ትፈልጊያለሽ እኛ እያለን? እዚያው ቁሚ፣ ጌጡ ይመጣል። ያላ!»

ያላ ማለት «በይ እንግዲህ» ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ የሆነ ሰው የሚጠሩ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ጌጡ ባለቤታቸው ናቸው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ቀጭን፣ ነገር ሲናገሩ ፊታቸው የማይስቅ፣ ሰው የሚያስቁ ሰው ናቸው። ሻንጣዬን ከመኪናቸው ኋላ ከተው «አንቺ ነሽ ቦምቡን ይዘሽ የመጣሽ?» አሉኝ። ለካስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ለእትዬ አድና በስልክ የነገርኳቸውን ሰምተዋል።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። እኔ የተኛሁት ማማድ በሚሉት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ የመስኮቱ መዝጊያ ብረት፣ ማንቂያ ሲጮህ ቤተሰብ የሚሸሸግበት። ሰላም ሲሆን ግን የእንግዳ አልጋ፣ የልብስ መተኮሻና የልጅ ልጆች ብስክሌት የሚኖርበት ነው። እትዬ አድና በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ታጭቀው ከመጡት መካከል ናቸው። አማርኛቸው የጎንደር ሆኖ ቀርቷል፤ መካከሉ ላይ ዕብራይስጥ ይገባበታል። ሥራቸውን ስጠይቃቸው «ጋን ውስጥ ነው የምሠራ» አሉኝ።

የጠላ ጋን በዓይኔ መጣ። «ጋን ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ልጆች አጫውታለሁ።»

«ጋኑ ውስጥ?»

ጋሽ ጌጡ በዚህ ጊዜ ሹካቸውን አስቀመጡ። ጋን በዕብራይስጥ መዋዕለ ሕፃናት ነው። እትዬ አድና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ኮሰረቱን እያሸተቱ፣ እንባቸውን በከረጢቱ ጫፍ እየጠረጉ።

ሐሙስ

ጋሽ ጌጡ ጠዋት ተቋሙ በር ላይ አወረዱኝና «በአምስት ሰዓት እወስድሻለሁ» ብለው ሄዱ።

ዶክተር ሩት አጭር፣ ፈጣን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ከሌዘሩ ጋር ያስተዋወቀኝ ግን ተማሪያቸው ኢታይ ነው። እኛ ዘንድ ቤተ ሙከራ የሚገባ ሰው ነጭ ካፖርቱን ይቆልፋል፤ ኢታይ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ነው። ከሰሜን፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ብስኩት ሲበላ የሚውል ልጅ ነው። በቁምጣው የናቅሁት ሰው ሌዘሩን ሲነካ ግን ጣቱ እንደ በገና ደርዳሪ ነው።

እኛ ዘንድ ያለችው የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ዳንቴል ለብሳ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ይህኛው በር የማያስገባው የብረት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ወለሉ እንዳያንቀጠቅጠው ጠረጴዛው በአየር ተደግፎ ቆሟል። ላዩ መስታወት በመስታወት ነው። አሠራሩን ላስረዳ። የመጀመሪያው የብርሃን ምት ሞለኪውሎቹን ቀስቅሶ ያልፋል። ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ ይደርስና አሁንም እየተርገበገቡ ወይስ ወደ ሌላ ዞረው እንደሆነ ያያል። ሁለተኛውን ለማዘግየት አንዱን መስታወት በትንሹ ማንሸራተት ይበቃል፤ መንገድ ይረዝምበታልና። የሚዘገይባት ጊዜ ታዲያ ጊዜ ለመባል የምታሳፍር ናት። አንድን ሰከንድ ለሺህ ከፍላችሁ፣ ከዚያ አንዷን ስባሪ እንደገና ለሺህ፣ እንዲያ እያላችሁ አራት ጊዜ ብትወርዱ እዚያ ሰፈር ትደርሳላችሁ። ዓይን የሚያየው ምንም የለም፤ ብርሃኑ ራሱ አይታይም። የሚታየው ኮምፒውተሩ ላይ ከፍ ብሎ ተነሥቶ የሚወርድ መስመር ነው። ቶሎ ከወረደ ውሃው ፈጣን ነው፤ ከተንቀራፈፈ ዘገምተኛ።

በተራ ውሃ ጀመርን። መስመሩ ሊወርድ ሲጀምር ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ጋሽ ጌጡን ላስጠብቃቸው? ኢታይን ይቅርታ ጠይቄ እየሮጥኩ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ቢያንስ ከሐይቁ ነፋስ ይልካል። ቆምኩ፣ ቆምኩ። ዘበኛው ወንበሩን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ቀጥሎ ውሃ ሰጠኝ፤ ቀጥሎ «ሰው ጠፋብሽ?» አለኝ። የጋሽ ጌጡ ስልክ አይነሣም፤ እየነዱ ነው። እትዬ አድና ዘንድ ደወልኩ።

«አምስት ሰዓት አሉኝ እኮ!»

«እና ምን ሆነሽ አሁን በቀትር ትወጫለሽ?» አሉና የልጆቹ ጫጫታ እስኪዋጥ ድረስ ሳቁ። የጋሽ ጌጡ አምስት ሰዓት የእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አማርኛቸው ጎንደር ቢቀርም ሰዓታቸው እስራኤል ገብቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጠሮ ስንይዝ «በማን ሰዓት?» ሳንባባል አልተለያየንም።

ስመለስ ኢታይ ብስኩት እየበላ ነው። «ውሃው ውሃ ነው» አለኝ። መለኪያው በትክክል ይሠራል ማለቱ ነው።

ዓርብ

ቅዳሜ ሁሉ ነገር ስለሚዘጋ፣ ዓርብ እዚያ እንደ እኛ የበዓል ዋዜማ ናት፤ ሰው ሁሉ ዳቦና አበባ ተሸክሞ ይሮጣል። ስኳር ያነሰበትን ቀጭን ሽሮፕ ለክተን፣ ወፈር ያለውን ለክተን፣ ከስሌቴ ጋር ሲገጥም ልቤ ሞቅ ብሎ ነበር። ከዚያ በጣም ወፍራሙን አነሣሁ።

ፈሳሹ የሚቀመጠው በሁለት ስስ ክሪስታሎች መካከል ነው፤ ተራ መስታወት ያን ብርሃን አያሳልፍም። ወፍራሙ ሽሮፕ ግን አልሳሳ አለኝ። ክሪስታሎቹን የሚያጣብቀውን ብሎን ጠበቅ አደረግሁ። ትንሽ ደግሞ ጠበቅ።

ቋ! አለ።

ኢታይ ከሌላው ክፍል ድምፁን ለይቶ «የላይኛው ነው የታችኛው?» ብሎ ጠየቀ።

ሁለቱም ነበሩ። ትርፍ የለም፤ የታዘዘው ገና አልመጣም። እሑድና ሰኞ ብቻ ቀርተውኛል። ኢታይ ስልክ መታና በቂርያት ቫይዝማን፣ ከከተማው ዳር ባለው የፋብሪካና የቤተ ሙከራ መንደር፣ አንድ ክሪስታል የሚሞርድ ባለሙያ እንዳለ፣ ግን ቀትር ላይ እንደሚዘጋ ነገረኝ። ለጋሽ ጌጡ ደወልኩ፤ ዕረፍታቸው ነው።

«ቀትር በማን ሰዓት?» አሉ።

«ቀትር በሁሉም ቀትር ነው፣ ጋሼ!»

መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ጋሽ ጌጡ አውቶቡስ ሲነዱ የማይገቡበትን ጠባብ መንገድ ሁሉ ያን ቀን ገቡበት። ስንደርስ ሰውየው በሩን ቆልፎ፣ ዳቦውን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ሊሄድ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ስለማመጥ አንገቱን ነቀነቀ፤ ሚስቱ ትጠብቀዋለች። ከዚያ ጋሽ ጌጡ ከመኪናው ወረዱ። ሰውየው አያቸውና ቆመ። በዕብራይስጥ የተባባሉትን በኋላ ነው የሰማሁት።

«አንተ የጠዋቱ አውቶቡስ ሾፌር አይደለህም?»

«ነኝ።»

«በዝናብ ስሮጥ አይተህ ያቆምክልኝ?»

«ብዙ ሰው ይሮጣል፤ የትኛው ነህ?»

ሰውየው ሳቀ፤ ቁልፉን አወጣ። ሁለት ክሪስታል ጠቀለለልኝ፤ ሌላ ሁለት ጨመረና እጄን በዓይኑ ለክቶ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«‹ብሎን ስታጠብቅ ትንፋሽዋን አትያዝ› አለ። ያላ፣ ሰንበት ሳይገባ እንድረስ።»

በዚያች ማታ ጠረጴዛው ዶሮ፣ ሥጋ፣ የሰንበት ዳቦ ሞልቶበታል። እኔ ደግሞ ዓርብ እጾማለሁ። እንዴት አድርጌ እንደምናገር ሳስብ እትዬ አድና ለብቻው የተሸፈነ ሳህን ከፍተው ከፊቴ አኖሩ፤ ሽሮ ነው፣ በዘይት የተሠራ።

«የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዓርብና ረቡዕ ይጾሙ እንደነበር ይረሳኛል እንዴ?» አሉ።

ቅዳሜ

ሥራ የለም፤ መኪና የለም፤ ስልክ የለም። ከተማዋ ጸጥ ስትል የወፍ ድምፅ ጎላ። እኔ ግን ልቤ እዚያ ሌዘር ላይ ነው፤ ለሥራ መጥቶ ቁጭ ማለት እንደ ሙሽራ ያሳፍራል። እትዬ አድና ሁለት ጊዜ አዩኝና «እቴ ጽጌ፣ ውሃው ዛሬ አይደርቅም» አሉኝ።

ምሳ ዓሣ ነበር። «ሥጋችንን አቅርቤ አላስጨንቅሽም ብዬ ነው» አሉ። «አገር ቤት ሥጋ አንበላላም ነበር፤ እናንተም የእኛን፣ እኛም የእናንተን። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደው።» እኔ እንዲህ ባለ ነገር የምጨነቅ ሰው አልነበርኩም። ግን እርሳቸው ይህን ሁሉ ዘመን ከአገር ርቀው፣ የሌላውን ሰው ወግ እንዲህ አጥርተው ያስታውሳሉ። ዓሣውን ደግሜ በላሁ። እንደ ጣና አምባዛ ነው ብል እዋሻለሁ፤ የጣናው ይበልጣል።

ከሰዓት በኋላ በእግር ወጣን። የተቋሙ አጥር ዘንድ ስንደርስ ዛፎቹን እያየሁ «ውስጡ እንዴት ያምራል» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ እትዬ አድና። «በየቀኑ በአውቶቡስ አልፍበታለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም።»

«ለምን?»

«ማንን ፈልጌ እገባለሁ?»

ጋሽ ጌጡ «እኔም በሩ ላይ አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ፤ አበቃ» አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ፤ እኔ ግን ስሄድ ሳስበው ዋልኩ።

እሑድ

እዚያ እሑድ የሥራ ቀን ነው። በጠዋት ገብቼ፣ ትንፋሼን ሳልይዝ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። አልተሰበረም። ኢታይ አጨበጨበልኝ።

መስመሩ ተነሣ። መውረድ ጀመረ፤ ግን እንደ ሌሎቹ አልወረደም፤ ተንቀራፈፈ። ስሌቴ ከሚለው እጅግ ይዘገያል። ሽሮፑ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ ሌላ በጠበጥኩ። ያው ነው። ሌላ ክሪስታል ቀየርን። ያው። ኢታይ ብስኩቱን መብላት አቆመ፤ ከዚያ ይልቅ ያስፈራኝ ነገር የለም። የኋላ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በጆሮዬ የአንጋፋው መምህራችን «ማን አየው?» የሚል ድምፅ ይመጣብኛል። እነሆ እኔው ራሴ አየሁት፤ ያየሁት ደግሞ እኔን የሚያስተባብል ነው።

ዶክተር ሩት ገብተው መስመሩን ብዙ አዩት።

«በስሌትሽ ውስጥ ስንት ስኳር አስገብተሻል?»

«ጥቂት። ኮምፒውተሬ ከዚያ በላይ አይችልም።»

«ተራርቀው ነው የቆሙት?»

«አዎ።»

«እዚህ ግን ተጨናንቀዋል። አንዱን ውሃ ሁለት ሦስት ስኳር ከየአቅጣጫው ይይዘዋል። እንዴት ይዙር?» ትከሻዬን ነካ አድርገው ሄዱ።

ያሉት ትክክል እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ መቀበሉ ነው ያቃተኝ። ቤት ስገባ እትዬ አድና ፊቴን አይተው ሳህኑን አስቀመጡ።

«ምን ሆነሻል?»

«ስሌቴ ተሳስቷል፣ እትዬ።»

«ሁሉም?»

«መጨረሻው።»

«መጀመሪያውስ?»

«መጀመሪያውስ ልክ ነው።»

«ታዲያ ማን ሞተ?» አሉና እንጀራውን ወደ እኔ ገፉት። ቀጥለውም፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ «ይህን ውሃ እኔም ባየው ምን ይለኛል?» አሉ።

ሰኞ

ጠዋት ዶክተር ሩትን ስጠይቃቸው «እስከ ዛሬ የት ነበሩ? አምጪያቸው!» አሉ።

እትዬ አድና ከጋን ፈቃድ ወስደው መጡ። የሰንበት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ጥልፉ ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል። በሩ ላይ መታወቂያቸውን ሲያሳዩ ጠበቅ ብለው ቆሙ፤ ስናልፍ ክንዴን ያዙ። በዛፎቹ መካከል ስንሄድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩት፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የገባች እናቴን አስታወሱኝ።

ኢታይ የሌዘር መነጽር ሲሰጣቸው ነጠላቸውን አስተካክለው አጠለቁት። «እንዴት ነኝ?» አሉት በዕብራይስጥ። «እንደ አውሮፕላን አብራሪ» አላቸው።

ጠብታዋን አሳየኋቸው። «ይችን ለማየት ነው ይህ ሁሉ ብረት?» አሉ። በአማርኛ አስረዳኋቸው፤ ኢታይ በዕብራይስጥ አስረዳቸው፤ ሁለታችንም ስንጨርስ «ቤሰደር፣ እሺ፣ አሁን አሠሩት» አሉ። ኢታይ ወንበሩን ስቦ አስቀመጣቸውና የማስጀመሪያውን ቁልፍ ራሳቸው እንዲጫኑት አሳያቸው።

በአንድ ጣታቸው ተጫኑት። መስመሩ ተነሣ። እትዬን ያመጣኋቸው ለትዕይንት ብቻ አልነበረም፤ እውነት ለመናገር በልቤ ጥግ «ዛሬ እንኳ ቶሎ ቢወርድልኝ» የሚል ነገር ነበር። መስመሩ ግን በዝግታ፣ እንደ ትናንቱ፣ ልክ በትናንቶቹ ላይ ተኝቶ ወረደ። አንዲት ነጥብ አላፈነገጠችም።

ከዚያ ሳቄ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ ያየው ስሌቴን ሳይሆን ውሃውን ነበር፤ በስኳሮች መካከል ተይዞ፣ ለመዞር እየታገለ።

«ስሌትሽ እንደገና ተሳሳተ?» አሉ እትዬ አድና፣ መነጽሩን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ተሳሳተ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«የት ላይ እንደተሳሳተ አየሁት፣ እትዬ።»

ለኢታይ ምን እንዳልኩ ተረጎሙለት። ኢታይ ብስኩቱን አውጥቶ ለሁላችንም አደለ።

ማክሰኞ

ጋሽ ጌጡ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የወሰዱኝ በእኔ ሰዓት አሥራ ሁለት፣ በእሳቸው ስድስት ላይ ነው። እትዬ አድና ለብርቱካን ጫማ፣ ለእናቴ የጠረጴዛ ልብስ፣ ለእኔ ደግሞ ትልቅ ብልቃጥ የብርቱካን ማርማላታ ሰጡኝ። አብረውን ስለመጡ መንገዱን ሙሉ የተቋሙን ነገር ለባለቤታቸው ሲያስረዱ ሄዱ፤ ግማሹን አስተካክለው፣ ግማሹን በራሳቸው መንገድ። ጋሽ ጌጡ መጨረሻ ላይ «የምጭነው እኔ፣ የምትገቢ አንቺ» ብለው አኮረፉ። ስንሰናበት እትዬ አድና ለረጅም ጊዜ እጄን አልለቀቁም።

አሁን ስሌቱን እንደገና ጀምሬያለሁ፤ ስኳሮቹን አቀራርቤ። መብራት ሲኖር ይሠራል። አንጋፋው መምህራችን በተለመደው እጃቸውን ሲያነሡ «እኔ አየሁት፤ ልክ አልነበርኩም» አልኳቸው። እጃቸውን አወረዱና «ታዲያ ቁጭ በይና ንገሪኛ» አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእርሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

በቀደም ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እትዬ አድና ደወሉልኝ። ከእኔ መሄድ በኋላ ጋሽ ጌጡ «እኔም ልየው» ብለው ስላስቸገሩ፣ አንድ ቀን ሁለቱም ዳቦ ይዘው ወደ ተቋሙ በር ሄደዋል።

«ዘበኛው ‹ማንን ፈልጋችሁ?› አለን» አሉኝ። «‹ኢታይን ነው› አልሁት። ወዲያው ወረደ፤ በቁምጣው።»

«ጋሼም አዩት?»

«አይቶ ጉድ ብሏል። አሁን የአውቶቡስ መንገደኛ ሁሉ ስለ ውሃ ይሰማል። ይልቅ ያ ልጅ ብቻውን ነው፤ ብስኩት ነው የሚበላ፤ እናቱ ሩቅ ናት። ዓርብ ዓርብ እኛ ዘንድ እንዲበላ ነገርሁት።»

«ይመጣል?»

«ይመጣል እንጂ። ሰንበት ከገባ አውቶቡስ የለ፣ ምን የለ፤ የት ይሄዳል? በአንቺው አልጋ፣ ማማዱ ውስጥ ነው የሚያድር። ቆይ፣ ይኸው ቀድሞ መጥቶ ሽሮ ጨምሪልኝ ይላል፤ ልጨምርለትና ሰንበት ሲወጣ እደውልልሻለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት።